ተማሪዎቼ ተደነቁ፣ ፈተናው ላይ ግን ወደቁ

ጥያቄ፦

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፤

የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ የልብን፣ የህዋስንና የዲኤንኤን ምዕራፎች ያስተማርኩት በኦግመንትድ ሪያሊቲ (ኤአር) ነው። ተማሪዎች የስልካቸውን ካሜራ ወደ ታተመ ካርድ ሲያዞሩ ልብ ከካርዱ ላይ ተነሥቶ እየመታ ይታያቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ በደስታ ተናወጠ፤ ከኋላ ተደብቀው የሚቀመጡት ሳይቀሩ ወደ ፊት መጡ። ፈተናው ሲታረም ግን አፈርኩ። ከግራው የታችኛው የልብ ክፍል የወጣ ደም ወዴት እንደሚሄድ ብዙዎቹ አላወቁም። በደም መልስ ውስጥ ያለው ደም ሰማያዊ ነው ብለው የጻፉም አሉ። ህዋስ ሲሥሉ ደግሞ ፕሮቲን የሚሠራውን ደቃቁን ራይቦዞም ለህዋሱ ኃይል ከሚያመነጨው ከሚቶኮንድሪያ እኩል ያደረጉት ጥቂት አይደሉም። ርእሰ መምህራችን ነገሩን በጣም ስለወደዱት በሚቀጥለው ዓመት ምዕራፉ ሁሉ በዚህ መንገድ እንዲሰጥ ይፈልጋሉ። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ በበኩላቸው «መጫወቻ ነው፤ ጠመኔሽን ያዢ» ይሉኛል። እኔም ቅዳሜና እሁዴን ሞዴል ስሠራ እጨርሳለሁ። ልቀጥል ወይስ ልተው? ለወደቁትስ ድጋሚ ፈተና ልስጥ?

ግራ የገባኝ መምህርት

መልስ፦

ውድ መምህርት፤

አይተዉት፤ በያዙት መንገድም አይቀጥሉ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ ያስደሰተኝ የተማሪዎቹን ስሕተት ለይተው መጻፍዎ ነው። ብዙ ሰው «ውጤቱ ዝቅተኛ ነበር» ብሎ ያልፈው ነበር። የእርስዎ ተማሪዎች የሳቱት ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም የተለያየ ምንጭ አላቸው። አንዱን ያስተማራቸው ሞዴሉ ራሱ ነው። ሌላውን ሞዴሉ ሸሸጋቸው። የቀረው ደግሞ እያዩ ስላላሰቡ የመጣ ነው።

ከሰማያዊው ደም ልጀምር። ልጆቹን አይቆጧቸው፤ ያዩትን ነው የጻፉት። በሰው አካል ውስጥ ሰማያዊ ደም የለም፤ ኦክስጅን የያዘው ደማቅ ቀይ፣ ኦክስጅኑን ያራገፈው ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ሰማያዊው ሠዓሊዎች ሁለቱን ለመለየት የተስማሙበት ቀለም ነው። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሲታይ ሥዕል መሆኑ ስለማይረሳ ብዙም አይጎዳም። በኤአር ግን ያው ሰማያዊ ሥር በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከገዛ ደብተራቸው አጠገብ ቆሞ ይመታል። ነገሩ እውነት በመሰለ መጠን ውሸቱም አብሮ ይታመናል።

ወደ ሳንባ ሲደረስ ደግሞ ይብሳል። ደም ቅዳ ከልብ የሚወጣ፣ ደም መልስ ወደ ልብ የሚመለስ ሥር ነው፤ የሚለያቸው አቅጣጫቸው ነው። ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ኦክስጅን ያነሰውን ደም ስለሚሸከም በሞዴሉ ላይ ሰማያዊ ይቀባል፤ ከሳንባ የሚመጡት ደም መልሶች ቀይ ይሆናሉ። «ደም ቅዳ ቀይ፣ ደም መልስ ሰማያዊ» ብሎ የሸመደደ ተማሪ እዚህ ላይ መውደቁ አይቀርም።

ሞዴሉን መጣል አያስፈልግም፤ የሥራ መጀመሪያ ያድርጉት። ስልክ ከመከፈቱ በፊት ለክፍሉ «ይህ ሞዴል የት የት ላይ ይዋሻል?» የሚል ጥያቄ ይስጡ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው ሥራ ላይ ስሕተት ፈልግ ሲባል እንዴት እንደሚተጋ ያውቃሉ። ቀለሙን ያገኙታል። ሥሮቹ አየር ላይ ተቆርጠው መቅረታቸውን ያገኛሉ። በርትተው ካዩ አመታቱንም ይጠረጥራሉ፦ በብዙ ሞዴሎች ልቡ ሁለንተናው በአንድ ጊዜ ይነፋና ይጨመቃል። በእውነተኛው ልብ መጀመሪያ የሚኮማተሩት ሁለቱ የላይኛ ክፍሎች ናቸው፤ የታችኞቹ ይከተላሉ። ይህን ራሱ አይቶ የደረሰበት ልጅ የልብ አመታትን ምዕራፍ ግማሹን ተምሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ ደሙ መንገድ እንምጣ። ልቡ ሲመታ አዩ፤ መምታቱ ግን መንገዱን አይናገርም። እንቅስቃሴ ያለው ነገር ዓይንን ይይዛል፣ ያስደስታል፣ ከዚያም ያልፋል፤ ተመልካቹ የገባው ይመስለዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ይስጧቸው፤ አራቱን ክፍሎች ሥለው የደሙን መንገድ በእርሳስ በቀስት ያሳዩ። ከዚያ አንድ ነገር ይገምቱና ምክንያቱን ይጻፉ፦ ከሁለቱ የታችኛ ክፍሎች የየትኛው ግድግዳ ይወፍራል? ከዚህ በኋላ ነው ስልኩ የሚወጣው። ሞዴሉን ቆርጠው ውስጡን ይዩ፤ የተሳሳቱትን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ያርሙ፤ እርሳሱን ግን አያጥፉ። በጤናማ አዋቂ ሰው የግራው ግድግዳ ከቀኙ በግምት ሦስት እጥፍ ይወፍራል። የቀኙ ደሙን የሚገፋው ጎረቤቱ ወዳለው ሳንባ ነው፤ የግራው ከራስ እስከ እግር ጣት ማድረስ አለበት። ቀድሞ የገመተ ተማሪ ውፍረቱን ሲያይ ለራሱ ጥያቄ መልስ ያገኛል። ያልገመተው ወፍራም ግድግዳ አይቶ ያልፋል።

እዚህ ላይ ኤአር ብቻ የሚሰጠው አንድ ነገር አለ። በመጽሐፉ ሥዕል የልብ ግራ በአንባቢው ቀኝ በኩል ነው፤ የተሣለው ፊቱን ወደ እኛ ባዞረ ሰው ደረት ውስጥ እንዳለ ተደርጎ ነውና። ስንቱ ተማሪ በዚህ ብቻ ግራና ቀኙን አምታቶ ነጥብ አጥቷል! ሞዴሉ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ተማሪው ተነሥቶ ከጀርባው ይዙር። የልቡ ግራ ከራሱ ግራ ጋር ይገጥማል። ቃል መጨመር አያስፈልግም።

«ተነሥቶ ይዙር» ያልኩት በምክንያት ነው። ሮናልድ አዙማ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ኤአርን በሦስት ነገር ለይቶት ነበር፦ እውነተኛውንና ሠራሽውን ማደባለቁ፣ ለተጠቃሚው በቅጽበት ምላሽ መስጠቱ፣ ሠራሽው ነገር በእውነተኛው ቦታ ላይ በሦስት አቅጣጫ ልኩን ጠብቆ መቀመጡ። ለትምህርት የሚጠቅመው በአብዛኛው ሦስተኛው ነው። ተማሪዎችዎ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞዴሉን በጣታቸው የሚያሽከረክሩት ከሆነ ካሜራው ምን ሠራ? ያንን ተራ ኮምፒውተር ላይ ያለ የሦስት አቅጣጫ ሥዕልም ያደርገዋል፤ ባትሪም አይጨርስም። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ያስጠጉ።

ሦስተኛው ስሕተት፣ የራይቦዞሙ፣ ከሁሉ የበለጠ ያሳስበኛል። ምክንያቱም የተማሪዎቹ ብቻ አይደለም፤ የሞዴል ሠሪዎቹ ሁሉ ነው። በትክክለኛ መጠን የተሠራ ራይቦዞም በስልክ ስክሪን ላይ ስለማይታይ አግዝፈው ይሠሩታል፤ ማግዘፋቸውን ግን አይናገሩም። የህዋሱንም ውስጥ ባዶ አዳራሽ ያስመስሉታል፤ በእውነቱ በፕሮቲን የተጨናነቀ ነው።

ይህን ለማረም ስሌት ይጠቀሙ፤ ስሌቱ ቀላል ነው፣ ልጆቹም ራሳቸው ይሥሩት። 20 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስፋት ያለውን የእንስሳ ህዋስ 1 ሜትር እስኪሆን እናሳድገው። ያሳደግነው 50,000 ጊዜ ነው። 6 ማይክሮሜትር የሆነ ኒውክለስ 30 ሴንቲሜትር ይሆናል። አንድ ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ሚቶኮንድሪያ 5 ሴንቲሜትር ይወፍራል። 25 ናኖሜትር (ናኖሜትር የማይክሮሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሆነው ራይቦዞም ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በእርሳስ ጫፍ የተደረገች ነጥብ ማለት ነው፤ እንዲህ ያሉ ነጥቦች በአንድ ህዋስ ውስጥ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። የህዋሱ ሽፋን ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም።

ከዚያ ዲኤንኤውን ያስሉ። ውፍረቱ 2 ናኖሜትር ስለሆነ 0.1 ሚሊሜትር ይመጣል፤ የፀጉር ያህል። በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ወደ 2 ሜትር ገደማ ነው፤ በ50,000 ሲባዛ 100 ኪሎ ሜትር። በ30 ሴንቲሜትሩ ኒውክለስ ውስጥ የተጠቀለለው ይህ ነው። ልጆቹ ስሌቱን ተሳስተናል ብለው ደግመው ይሠሩታል፤ ይተዉአቸው። ዲኤንኤ በፕሮቲን ላይ ተጠምጥሞ ለምን እንደሚታሸግ ያን ጊዜ እነሱ ይጠይቃሉ።

ኤአሩ የሚገባው ከስሌቱ በኋላ ነው። የስልኮቹ ሥርዓት ወለሉን ለይቶ ነገሮችን በልካቸው ማስቀመጥ ስለሚችል የህዋሱን ሞዴል 1 ሜትር አድርገው መሬት ላይ ያኑሩት። ተማሪዎቹ ማስመሪያ ይዘው ከጎኑ ይንበርከኩ፤ የሞዴሉ ራይቦዞም ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ ይለኩ፤ መሆን የነበረበትን ነጥብ ወረቀት ላይ አድርገው አጠገቡ ያስቀምጡ። አንዱ የሞዴሉ ራይቦዞም ስንት እጥፍ እንደገዘፈ ለክፍሉ ያስታውቅ።

ዲኤንኤን ካነሣን ዘንዳ፣ ሞዴሉን ለክፍል ከማውጣትዎ በፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ይመልከቱ። በህዋስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዲኤንኤ ቀኝ ዞር ነው፦ አቁመው ከፊት ሲያዩት ወደ እርስዎ የቀረበው ክር ከታች ግራ ተነሥቶ ወደ ላይ ቀኝ ይወጣል። ገልብጠው ቢያቆሙትም ያው ነው። ወደ ግራ የሚዞሩ ሥዕሎች በማስታወቂያም፣ በመጽሐፍ ሽፋንም ይገኛሉ፤ ሥዕሉ በመስታወት እንደታየ ሲገለበጥ ማንም ልብ አይለውም። በሁለቱ ክሮች መካከል ያሉት ቦዮችም እኩል መሆን የለባቸውም፤ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ነው። ቦዮቹ እኩል የሆኑ ሞዴል ካጋጠመዎት የሠራው ሰው ያሰበው ስለ ጠመዝማዛ ደረጃ እንጂ ስለ ዲኤንኤ አይደለም።

አሁን ርእሰ መምህሩ። ደስታቸው አይከፋም፤ ግን «ምዕራፉ ሁሉ» የሚለውን አይቀበሉ። መለኪያው አንድ ነው፦ የተማሪው ችግር የቦታና የቅርጽ ነው ወይስ ሌላ? ልብ፣ ጆሮ፣ ዓይን፣ አንጎል፣ በኩላሊት ውስጥ ያለችው ማጣሪያ ቱቦ፣ የፕሮቲን አተጣጠፍ፣ የዘር ህዋሳት በሚፈጠሩበት ክፍፍል (በሜዮሲስ) ጊዜ ጥንድ ክሮሞዞሞች እንዴት ተቃቅፈው ቁራጭ እንደሚለዋወጡ፣ እነዚህ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሚታፈኑ ናቸው። የዘር ውርስ ስሌት ግን የእርሳስና የወረቀት ሥራ ነው። የዝግመተ ለውጥ ክርክር የማስረጃ ጉዳይ ነው። አበባ ለማሳየት ደግሞ እባክዎን ስልክ አያውጡ፤ አበባ ይቁረጡ።

ማይክሮስኮፑንም በዚህ አይተኩት። የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደብዛዛ ነው፣ የአየር አረፋ አለበት፣ ኒውክለሱም ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ተፈጥሮ ስም ለጥፋ እንደማትቀርብ ተማሪው የሚማረው እዚያ ነው። ኤአሩ ከዚያ በኋላ ቢመጣ «ያየሁት ይህ ነበር ለካ» ያሰኛል፤ ቀድሞ ከመጣ ግን እውነተኛው ህዋስ ያስጠላል።

አንጋፋው ባልደረባዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ድንቁ ከቀናት በኋላ ያልቃል፤ በድንቅ ላይ የቆመ ትምህርትም አብሮ ያልቃል። «መጫወቻ» ማለታቸውን ግን ለቴክኖሎጂው ሳይሆን ለአያያዙ ይውሰዱት። ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1988 ያነሣው የአእምሮ ጫና ሐሳብ እዚህ ይጠቅማል፦ ሰው በአንድ ጊዜ ሊያስብበት የሚችለው ነገር ጥቂት ስለሆነ የማይፈለገው ሁሉ የሚፈለገውን ቦታ ይሻማል። ሙዚቃውን ይዝጉ። በራሱ የሚሽከረከረውን ያቁሙ። በሞዴሉ ላይ የተለጠፉትን ስሞች ሁሉ አጥፍተው ለዕለቱ የሚያስፈልጉትን አራት አምስት ብቻ ይተዉ። ከክፍለ ጊዜው ስልክ የሚከፈትበት ከሩብ ባይበልጥ እመርጣለሁ።

ስልክ ለእያንዳንዱ ተማሪ አያስፈልግም፤ እንዲያውም አይስጡ። ሦስት ሦስት አድርገው አንድ ስልክ ይበቃቸዋል። አንዱ ስልኩን ይዞ ይዞራል፤ ሁለተኛው አብሮት እያየ የሚያየውን በቃል ይናገራል፤ ሦስተኛው ጀርባውን ሰጥቶ በሰማው ብቻ ይሥላል። ከዚያ ይቀያየራሉ። «እዚህ ጋ ያለው ነገር» ማለት የማያዋጣበት ጨዋታ ስለሆነ «ከቀኙ የታችኛ ክፍል ወደ ላይ የሚወጣው ሥር» ማለትን ይለምዳሉ። ፈተና ላይ ያጡት ይህን ቋንቋ ነው። አቅም ያለው ስልክ የሌለው ተማሪም አያፍርም፤ የስልኩ ባለቤት ማን እንደሆነ ጉዳይ አይሆንምና።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ካርዱን በሚያብለጨልጭ ወረቀት አያትሙ፤ የመብራቱ ነጸብራቅ ካሜራውን ያሳውረዋል። ካርዱ ላይ ያለው ሥዕልም ዝርዝር የበዛበትና ያልተመጣጠነ ይሁን፤ ንጹሕ ክብ ወይም ተደጋጋሚ መስመር ሶፍትዌሩን ያደናግረዋል። ያለ ካርድ ወለልና ጠረጴዛ የሚለይ መተግበሪያ ከሆነ ደግሞ ነጭ ለስላሳ ጠረጴዛ አይስማማውም፤ ጋዜጣ ያንጥፉበት። ፋይሉን ቀድመው ያውርዱ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ማውረድ ሲጀምር ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸገሩ ተማሪዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ ጥያቄዎ በቀለም ብቻ የሚመለስ አይሁን። ተማሪዎች በስማቸው እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ መተግበሪያ ሲያጋጥምዎት ሌላ ይፈልጉ፤ ካሜራ ተከፍቶ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ የልጆች ፊት ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

ቅዳሜና እሁድዎን ያስመልሱ። ሞዴል መሥራት የሞዴል ሠሪ ሙያ ነው፤ ነጻ ፈቃድ ያላቸው ዝግጁ ሞዴሎች ሞልተዋል። የእርስዎ ሙያ ጥያቄው ነው። ደግሞም መድረኮቹ ይጠፋሉ፦ ጎግል ለመምህራን ያቀረበው ኤክስፔዲሽንስም፣ የሦስት አቅጣጫ ሞዴሎች ማከማቻው ፖሊም እ.ኤ.አ. በ2021 ሰኔ ወር ላይ ተዘግተዋል፤ በእነሱ ላይ ትምህርታቸውን የገነቡ መምህራን እንደ አዲስ መጀመር ነበረባቸው። ስለዚህ የሚወዱትን ሞዴል ፋይል ጂኤልቲኤፍ በሚባለው ክፍት ቅርጸት በራስዎ ኮምፒውተር ያስቀምጡ። የጥያቄ ወረቀትዎንም በየትኛውም የልብ ሞዴል፣ ካስፈለገም በፕላስቲክ ልብ፣ እንዲሠራ አድርገው ይጻፉት። ለመተግበሪያው ቁልፎች መመሪያ የሆነ ወረቀት ከመተግበሪያው ጋር ይሞታል።

ሁለት ክፍል የሚያስተምሩ ከሆነ በሚቀጥለው ምዕራፍ አንዱን በኤአር፣ ሌላውን በሥዕልና በሸክላ ሞዴል ያስተምሩ፤ እርሳሱም፣ ግምቱም፣ ጥያቄውም አንድ ዓይነት ይሁን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳያስጠነቅቁ አጭር ፈተና ይስጡ። ልዩነት ካልታየ ያንን ምዕራፍ ያለ ስልክ ያስተምሩ፤ ለርእሰ መምህሩም ሁለቱን የውጤት መዝገብ ጎን ለጎን ያሳዩዋቸው። «አልወደድኩትም» ከማለት ይልቅ ይህ ያስኬድዎታል። ባልደረባዎንም የሸክላውን ክፍል እንዲይዙልዎ ይጠይቋቸው፤ ሊያሸንፉ ስለሚፈልጉ በደንብ ያስተምራሉ።

ድጋሚ ፈተናውን ይስጡ፤ ግን ያው ጥያቄ አይሁን፤ መልሱ እስካሁን ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። መጀመሪያ የታረመውን ወረቀት ይመልሱላቸውና አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥተው እያንዳንዱ ስሕተት ከየት እንደመጣ ራሳቸው ይጻፉ፦ ሞዴሉ አሳሳተኝ፣ ሳላስብ አለፍኩ፣ ወይም ከቶ አላየሁም ብለው። ከዚያ በአዲሱ ፈተና ልብን ሞዴሉ ባላሳያቸው አቅጣጫ፣ አግድም በወገቡ ላይ፣ የተቆረጠ አድርገው ይሣሉላቸው። ስም ያልተጻፈባቸው ሁለት የታችኛ ክፍሎች ይታያሉ፤ አንዱ ክብ ሆኖ ግድግዳው ወፍራም፣ ሌላው እንደ ጨረቃ ቅርጽ ጎኑ ላይ የተለጠፈ። የትኛው ግራ እንደሆነ፣ በምን እንዳወቁ፣ ከዚያ የወጣው ደም ቀጥሎ የሚያገኘው ሥር የትኛው እንደሆነ ይጻፉ። ስልኮቹ ቦርሳ ውስጥ ይቆዩ።